ስታርጌትን ከየት ጀምሮ፣ በምን ቅደም ተከተል ማየት? ደረጃ በደረጃ

ስታርጌት የሚባሉትን የሳይንስ ልብወለድ ተከታታዮች ጀምረው የተዉ ሰዎችን ጠይቁ፤ ምክንያታቸው ከሦስት አይዘልም። አንዱ ምስሉ ጥርት ያለውን መርጦ ከመጨረሻው ተከታታይ ጀምሯል። ሌላው «ፍጹም የጊዜ ቅደም ተከተል» የሚል ረጅም ዝርዝር አግኝቶ፣ አንድ ክፍል ከዚህ አንድ ክፍል ከዚያ እያለ ሲዘል በሁለተኛው ሳምንት ታክቶታል። ሦስተኛው በትክክል ጀምሮ ነበር፤ ግን የክፍሎቹ ቁጥር ከዝርዝሩ ጋር አልገጥም ሲለው ግራ ገብቶት ትቶታል።

እኔ አንደኛው ነኝ። የመጨረሻውን ተከታታይ፣ ዩኒቨርስን፣ ከፍቼ ሦስት ክፍል አየሁ። ሰዎቹ ድንጋይ ነክተው በሌላ ሰው ገላ ውስጥ ሲነቁ፣ ይሄ ደግሞ መቼ ተነገረን ብዬ ላፕቶፑን ዘጋሁት። መልሼ የከፈትኩት ከዓመት በኋላ ነው፣ በትክክለኛው በር።

መንገዱ እንደሚወራው የተወሳሰበ አይደለም። እስከ ኤስጂ-1 (የመጀመሪያው ተከታታይ) ሲዝን 7 ድረስ ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ ሁለት ተከታታዮች፣ ኤስጂ-1 እና አትላንቲስ፣ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ እዚያ ውስጥ አምስት ቋጠሮዎች፣ ማለትም ቅደም ተከተሉ የግድ መጠበቅ ያለበት ቦታዎች፣ አሉ። ከነሱ በኋላ እንደገና ቀጥ ይላል። አምስቱን ቋጠሮ ካከበራችሁ ሌላው እንደፈለጋችሁ ቢሆን ችግር የለውም። ከታች የክፍል ርዕሶችን እጠራለሁ እንጂ ማን ሞተ ማን ዳነ አልናገርም።

ከመጀመራችሁ በፊት

1. ያላችሁን ቁጠሩ

የሚያስፈልጋችሁ ይሄ ነው፦

- «ስታርጌት» ፊልም፣ 1994
- ስታርጌት ኤስጂ-1፦ 10 ሲዝን፣ 214 ክፍል (ከ1997 እስከ 2007)
- ስታርጌት አትላንቲስ፦ 5 ሲዝን፣ 100 ክፍል (ከ2004 እስከ 2009)
- ሁለት ፊልሞች፣ «ዘ አርክ ኦፍ ትሩዝ» እና «ኮንቲኑየም»፣ ሁለቱም 2008
- ስታርጌት ዩኒቨርስ፦ 2 ሲዝን፣ 40 ክፍል (ከ2009 እስከ 2011)

ሲደመር 354 ክፍል። እያንዳንዱ ወደ 43 ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ 250 ሰዓት አልፎ ይሄዳል። በቀን ሁለት ክፍል ብታዩ ስድስት ወር ገደማ ይፈጃል። ይሄን አስቀድሜ የምነግራችሁ እንድትፈሩ ሳይሆን፣ በአንድ ቅዳሜና እሁድ እጨርሰዋለሁ ብሎ የጀመረ ሰው ማክሰኞ ላይ ስለሚያቆም ነው።

በፍላሽ ከጓደኛ የተቀበላችሁት ከሆነ አሁኑኑ ቁጠሩ። የኤስጂ-1 ሲዝን 1 እስከ 7 እያንዳንዳቸው 22 ክፍል ናቸው፤ 8፣ 9 እና 10 ደግሞ 20። የአትላንቲስም የዩኒቨርስም እያንዳንዱ ሲዝን 20 ነው። የሲዝን መጨረሻ ላይ ደርሳችሁ የመጨረሻዋ ፋይል እንደሌለች ስታውቁ የሚሰማችሁን እኔ አውቀዋለሁ፤ ለጠላትም አልመኘውም።

2. ቁጥሩን ሳይሆን ርዕሱን እመኑ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የኤስጂ-1 መክፈቻ «ችልድረን ኦፍ ዘ ጎድስ» እጥፍ ርዝመት አለው። አንዳንዱ ቦታ እንደ አንድ ክፍል ይቆጠራል፣ አንዳንዱ ቦታ ለሁለት ተቆርጦ እንደ ሁለት። ስለዚህ የአንዱ «ክፍል 10» የሌላው «ክፍል 11» ነው። የአትላንቲስ መክፈቻ «ራይዚንግ»ም እንዲሁ።

የእናንተ የቱ እንደሆነ ለማወቅ «ዘ ኤነሚ ዊዝኢን» የሚለውን ክፍል ፈልጉ። ቁጥሩ 2 ከሆነ መክፈቻው በአንድ ተቆጥሯል፤ 3 ከሆነ በሁለት። በአንድ ከተቆጠረ ሲዝን 1 ላይ 21 ክፍል ብቻ ታገኛላችሁ፤ አትደንግጡ፣ የጎደለ ነገር የለም። ከዚህ በኋላ በየትኛውም ዝርዝር ላይ ቁጥር ስታዩ ርዕሱን አመሳክሩ። እኔም እዚህ የምጠቀመው ርዕስ ብቻ ነው።

ሌላ ትንሽ ነገር፦ በፍላሽ ቲቪ ላይ የምታዩ ከሆነ ፋይሎቹ 1፣ 10፣ 11፣ 12 ብለው ከተደረደሩ በኋላ 2 ሊመጣ ይችላል። ከ1 እስከ 9 ያሉትን 01፣ 02 እያላችሁ ስማቸውን ቀይሩ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

3. የመክፈቻውን ቅጂ ምረጡ

«ችልድረን ኦፍ ዘ ጎድስ» ሁለት ቅጂ አለው። የ1997ቱ ላይ ሙሉ እርቃን የሚታይበት ትዕይንት አለ። የቀረው ተከታታይ እንደዚያ አይደለም፤ ያቺ አንዷ ብቻ ናት። ግን ከእናትና አባት ጋር ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ ሳታውቁ ብትደርሱባት ሪሞቱን የምትይዙበት ይጠፋችኋል። በ2009 እንደገና ተስተካክሎ የወጣው ቅጂ ያንን ትዕይንት አውጥቶታል። ከቤተሰብ ጋር የምታዩ ከሆነ እሱን ፈልጉ። ካላገኛችሁት መክፈቻውን መጀመሪያ ብቻችሁን አይታችሁ የምትዘሉትን ደቂቃ ጻፉ።

4. የሚመጡትን ሲዝኖች ገልጣችሁ አትዩ

የመግቢያው ዘፈን ላይ የተዋናዮች ስምና ፊት ይወጣል። የሲዝን 6ን ወይም የ9ን መግቢያ ቀድማችሁ ካያችሁ አንድ ትልቅ ነገር ታውቃላችሁ። የተዋናዮችን ስም ኢንተርኔት ላይ መፈለግም ያው ነው፤ ፍለጋው ራሱ ይነግራችኋል።

ቅደም ተከተሉን በቀላሉ ለማስታወስ

ስታርጌት ማለት የድንጋይ ቀለበት የሚመስል በር ነው። ምልክቶች ትደውሉበታላችሁ፣ እንደ ስልክ። ሰባት ምልክት በራሳችን ጋላክሲ ውስጥ ይወስዳል፤ ይሄ ኤስጂ-1 ነው። ስምንተኛው ሲጨመር ሌላ ጋላክሲ ይደርሳል፤ ይሄ አትላንቲስ ነው። ዘጠነኛው ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ደግሞ ዩኒቨርስ አለ። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። ግራ ከገባችሁ ወደዚህ ተመለሱ።

ደረጃ 1፦ የ1994ቱን ፊልም እዩ

አትዝለሉት። ኤስጂ-1 የሚጀምረው ከዚህ ፊልም አንድ ዓመት በኋላ ነው፤ ፊልሙን እንዳያችሁ ቆጥሮ ያወራል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከፊልሙ ወደ ተከታታዩ ስትገቡ ብዙ ነገር ይቀየራል። ሁለቱ ዋና ገጸ ባሕርያት፣ ኮሎኔሉና ዳንኤል፣ በሌሎች ተዋናዮች ይተካሉ። የኮሎኔሉ ስም አጻጻፍ ላይ አንድ «ኤል» ይጨመራል (ተከታታዩ ራሱ ቆይቶ ይቀልድበታል)። የዳንኤል ሚስት ስም በትንሹ ይለወጣል። በፊልሙ በጣም ሩቅ የተባለችው ፕላኔት አቢዶስ በተከታታዩ ለምድር ቅርብ ትሆናለች። ጠላት የሆነው «ራ» ምን ዓይነት ፍጡር እንደሆነም ታሪኩ ይስተካከላል። ሁለቱ ሲጋጩ ተከታታዩን ያዙ፤ ቀሪው 354 ክፍል የሚከተለው እሱን ነው።

ደረጃ 2፦ ኤስጂ-1 ሲዝን 1

ሰው የሚንጠባጠበው እዚህ ነው። ሲዝን 1 ያልበሰለ ነው። ልብሱ፣ ውጊያው፣ አንዳንዱ ንግግር የ1997 ነው፣ ይታወቃል። መፍትሔው ሲዝኑን በሙሉ መዝለል ሳይሆን እየመረጡ መዝለል ነው።

ያለ ምንም ጉዳት የሚዘለለው «ኢማንሲፔሽን» ነው። ደካማ ነው፣ ተመልሶም አይመጣም። ብዙ ሰው አብሮ የሚዘለው «ሀቶር»ን ነው። እሱም ደካማ ነው፤ ግን አትዝለሉት። እዚያ ያለችው ሴት የሲዝን 2 መጨረሻና የሲዝን 3 መጀመሪያ ላይ ትመለሳለች፤ ካላወቃችኋት ሁለት ክፍል ሙሉ ማን ናት እያላችሁ ትጨርሱታላችሁ።

በጣም ከሰለቻችሁና ሲዝን 1ን ማሳጠር የግድ ከሆነ እነዚህን ብቻ ያዙ፦ «ችልድረን ኦፍ ዘ ጎድስ»፣ «ዘ ኤነሚ ዊዝኢን»፣ «ቶርስ ሀመር»፣ «ዘ ቶርመንት ኦፍ ታንታለስ»፣ «ሀቶር»፣ «ሲንጉላሪቲ»፣ «ኢኒግማ»፣ «ሶሊቲውድስ»፣ «ዜር በት ፎር ዘ ግሬስ ኦፍ ጎድ»፣ «ፖለቲክስ»፣ «ዊዝኢን ዘ ሰርፐንትስ ግራስፕ»። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የሚተሳሰሩ ናቸውና በዚሁ ቅደም ተከተል እዩአቸው።

ደረጃ 3፦ ኤስጂ-1 ከሲዝን 2 እስከ 7፣ በቀጥታ

እዚህ ማሰብ አያስፈልግም። ሲዝን 2ን ክፈቱና ሂዱ። ሌላ ተከታታይ አትንኩ። ሦስት ጥንቃቄዎች ብቻ።

አንደኛ፣ አንዳንድ ክፍሎች ቅንጥብጣቢ ናቸው፤ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ቁጭ ይላሉ፣ የድሮ ትዕይንት እየተቆረጠ ይታያል። ሰው ድግግሞሽ ነው ብሎ ይዘላቸዋል። ተንኮሉ ግን እዚሁ ነው፦ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ላይ ለሚቀጥለው ነገር መንገድ ይጠርጋሉ። የሲዝን 2 «አውት ኦፍ ማይንድ» ወደ ሲዝን 3 የሚገባው በር ነው። የሲዝን 7 «ኢናጉሬሽን» ከሁሉም ይበልጥ አሰልቺ ነው፤ ግን ከሱ ቀጥሎ የሚመጣው «ሎስት ሲቲ» ላይ የሚነሱት ፖለቲከኞች እዚያ ናቸው። መነጽር ያደረገውን ራሰ በራ ቢሮክራት ዎልሲንም ልብ በሉት፤ ቆይቶ ትልቅ ቦታ አለው። የድሮው ትዕይንት ሲመጣ በፍጥነት አሳልፉት፣ ክፍሉን ግን አትሰርዙት።

ሁለተኛ፣ የሲዝን 5 «ፎርቲ-ኤይት አወርስ»ን እዩ። ማኬይ የሚባል ሰው የሚመጣበት የመጀመሪያው ክፍል ነው። በጣም ትጠሉታላችሁ። ችግር የለም፣ አትላንቲስ ላይ ትታረቃላችሁ።

ሦስተኛ፣ «ሎስት ሲቲ» ላይ ከመድረሳችሁ በፊት የሲዝን 2ን «ዘ ፊፍዝ ሬስ» ትዝ ይላችሁ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ከረሳችሁት ድገሙት። የሲዝን 7 መጨረሻ በሙሉ የቆመው በሱ ላይ ነው፤ ስምንተኛው ምልክትም መጀመሪያ የሚደወለው እዚያ ነው።

በመሃል ሲዝን 4 ላይ «ዊንዶው ኦፍ ኦፖርቹኒቲ» የምትባል አለች። ለቅደም ተከተሉ ምንም አትጠቅምም። የደከማችሁ ቀን እሷን አስቀምጡልኝ። ሲዝን 7 «ሂሮስ» ላይ ደግሞ መሀረብ ያዙ፤ ሁለቱንም ክፍል በአንድ ምሽት እዩ።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያው ቋጠሮ

እዚህ ነው መንገዱ ለሁለት የሚከፈለው። ትዕዛዙ ግልጽ ነው፦

1. «ሎስት ሲቲ» ሁለቱን ክፍል (የሲዝን 7 መጨረሻ)
2. «ኒው ኦርደር» ሁለቱን ክፍል (የሲዝን 8 መጀመሪያ)
3. ከዚያ በኋላ ብቻ «ራይዚንግ» (የአትላንቲስ መጀመሪያ)

ከሲዝን 7 ቀጥታ ወደ አትላንቲስ አትግቡ። ብዙ ሰው «ሲዝን 7 አለቀ፣ አሁን አዲሱ ይጀምራል» ብሎ ይዘላል። «ሎስት ሲቲ» ልብ ሰቅሎ ነው የሚያልቀው። «ራይዚንግ» ላይ መልሱ እንደ ተራ ነገር ይነገራችኋል፣ ማዕረግ ሳይቀር ተቀይሮ ታገኙታላችሁ፤ የጠበቃችሁት ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር፦ ዶክተር ዊር የምትባለዋ ሴት «ሎስት ሲቲ» ላይ አንድ ተዋናይት ናት፣ «ኒው ኦርደር» ላይ ሌላ። ክፍል አልዘለላችሁም። ተዋናይቷ ናት የተቀየረችው።

ደረጃ 5፦ ሲዝን 8 እና የአትላንቲስ ሲዝን 1

ሁለት መንገድ አለ። አሜሪካ ውስጥ አርብ ምሽት ተከታትለው ይተላለፉ ስለነበር አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ እያሉ ማየት ይቻላል። እኔ ግን አልመክርም። አንዱ ታሪክ ሲሞቅ ሌላው ያቀዘቅዘዋል፤ ሁለት ድስት በአንድ ማንኪያ እንደማማሰል ነው። ደግሞ በአትላንቲስ የመጀመሪያ ሲዝን ሰዎቹ ከምድር ተቆርጠው ነው የሚኖሩት፣ ስለዚህ ሁለቱ ተከታታዮች ብዙም አይነካኩም። ሲዝን በሲዝን እዩ፦

1. «ራይዚንግ»ን አይታችሁ አትላንቲስን አቁሙ
2. የኤስጂ-1 ሲዝን 8ን ቀሪ በሙሉ፣ እስከ «ሞቢየስ» ሁለተኛ ክፍል
3. የአትላንቲስ ሲዝን 1ን ቀሪ በሙሉ

ሁለተኛው ቋጠሮ እዚህ ውስጥ ነው፦ «ሞቢየስ» ከ«ዘ ሲጅ» ሁለተኛ ክፍል በፊት መታየት አለበት። አትላንቲስ ላይ በመጨረሻ የሚደርሰው እርዳታ ከየት እንደተገኘ የሚገባችሁ «ሞቢየስ»ን ካያችሁ ነው። ከላይ ባለው መንገድ ከሄዳችሁ ራሱ ይፈታል።

ሲዝን 8 ላይ «ሲቲዝን ጆ» የሚባል ቅንጥብጣቢ ክፍል አለ። እኔን ላፕቶፕ ያዘጋኝ ድንጋይ መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ላይ ነው። ዩኒቨርስ ላይ ደጋግሞ ስለሚያስፈልጋችሁ አትዝለሉት።

አንድ በአንድ እያፈራረቅን ካላየን የምትሉ ካላችሁ፣ ሁሌም የኤስጂ-1ን ክፍል አስቀድሙ። አንዲት ብቻ ልዩነት አለች፤ ቀጥላ ትመጣለች።

ደረጃ 6፦ ሲዝን 9 እና የአትላንቲስ ሲዝን 2

«ዘ ሲጅ» ሦስት ክፍል ነው፤ ግን ሁለቱ በሲዝን 1 መጨረሻ፣ ሦስተኛው በሲዝን 2 መጀመሪያ ነው ያለው። ሁለተኛው አንጠልጥሎ ይተዋችኋል። ስለዚህ፦

1. «ዘ ሲጅ» ሦስተኛ ክፍልን ወዲያው እዩ
2. የኤስጂ-1 ሲዝን 9ን በሙሉ፣ ከ«አቫሎን» እስከ «ካሜሎት»
3. «ፍሌሽ ኤንድ ብለድ» (የሲዝን 10 የመጀመሪያው ክፍል)፤ «ካሜሎት» ላይ ማቆም ስለማይቻል
4. የአትላንቲስ ሲዝን 2ን፣ ከ«ዘ ኢንትሩደር» እስከ «አላይስ»

ሦስተኛው ቋጠሮ ይሄ ነው፦ «ዘ ሲጅ» ሦስተኛ ክፍል፣ ከዚያ «አቫሎን»፣ ከዚያ «ዘ ኢንትሩደር»። «አቫሎን» ሲጀምር ዳንኤል ዴዳለስ በምትባለው መርከብ ወደ አትላንቲስ ሊሄድ ሻንጣውን ሸክፏል። ያቺ መርከብ አትላንቲስ ላይ ምን ስትሠራ እንደነበር ሳታውቁ ካያችሁት ዝም ብሎ ወሬ ይሆናል።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ሲዝን 9 ሌላ ተከታታይ ይመስላል። አዲስ መሪ፣ አዲስ ጠላት፣ አዲስ ሃይማኖት። ብዙ ሰው እዚህ ይለቃል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች (ሁለቱን «አቫሎን» እና «ኦሪጅን») እንደ አንድ ረጅም ፊልም ቆጥራችሁ በአንድ ቀን እዩ። አንዱን በአንድ ሳምንት ካያችሁት አይያያዝም።

ደረጃ 7፦ ሲዝን 10 እና የአትላንቲስ ሲዝን 3

አራተኛው ቋጠሮ። የኤስጂ-1 ቡድን ራሱ ወደ አትላንቲስ የሚሄድበት ክፍል አለ፣ «ዘ ፔጋሰስ ፕሮጀክት»። ከሱ በፊት የአትላንቲስ ሲዝን 3 ሁለት ክፍሎች መታየት አለባቸው።

1. «ኖ ማንስ ላንድ» እና «ሚስቢጎተን» (አትላንቲስ)
2. «ሞርፊየስ»፣ ከዚያ «ዘ ፔጋሰስ ፕሮጀክት» (ኤስጂ-1)
3. የሲዝን 10ን ቀሪ በሙሉ፣ እስከ «አንኤንዲንግ»

የሲዝን 10 ስድስተኛ ክፍል «200» ይባላል፣ 200ኛው ክፍል ስለሆነ። ከዳር እስከ ዳር ቀልድ ነው። ታሪኩ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደናገጡ፤ እስካሁን በትክክል ካያችሁ ግን ከቀልዶቹ አብዛኞቹ ይገቧችኋል።

ደረጃ 8፦ ፊልሞቹና የአትላንቲስ መጨረሻ

አምስተኛው ቋጠሮ። «አንኤንዲንግ» የኤስጂ-1 የመጨረሻ ክፍል ነው፤ ግን የሲዝን 9 እና 10 ጦርነት እዚያ አያልቅም። ያልተቋጨውን የሚቋጨው «ዘ አርክ ኦፍ ትሩዝ» ነው። ወዲያው ቀጥሉበት። በተለይ የአትላንቲስ ሲዝን 4ን ከመክፈታችሁ በፊት መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ፊልሙ ላይ ከቡድኑ ጋር ያለች ሰው ሲዝን 4 ላይ ሌላ ቦታ ሌላ ሥራ ይዛ ትጠብቃችኋለች።

1. «ዘ አርክ ኦፍ ትሩዝ»
2. የአትላንቲስ ሲዝን 3ን ቀሪ፣ ከ«ኢሬዚስቲብል» እስከ «ፈርስት ስትራይክ»
3. ሳታቋርጡ ወደ ሲዝን 4 «አድሪፍት»፣ ከዚያ እስከ ሲዝኑ መጨረሻ
4. «ሰርች ኤንድ ሬስኪው» (የሲዝን 5 መጀመሪያ)
5. «ኮንቲኑየም»
6. የሲዝን 5ን ቀሪ

«ኮንቲኑየም»ን ሰዎች በሲዝን 4 እና በሲዝን 5 መካከል እዩ ይላሉ። ልክ ነው፤ ግን ሲዝን 4 ፍርስራሽ ውስጥ ጥሏችሁ ነው የሚያልቀው። አንድ ክፍል ጨምራችሁ ከዚያ ፊልሙን እዩ። ከኤስጂ-1 በቀር ብዙ የሚፈልገው ነገር የለም፤ ብትዘገዩም አይበላሽም።

ደረጃ 9፦ ዩኒቨርስ

አትላንቲስ ሳያልቅ አትጀምሩት። የመጀመሪያው ታሪክ «ኤር» ሦስት ክፍል ነው፤ ሦስቱንም አንድ ላይ እዩ። መብራቱ ጨለማ፣ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው የማይተማመኑ፣ ቀልዱ ትንሽ ነው። ከአትላንቲስ ሞቅታ በቀጥታ ከገባችሁበት ይቀፋችኋል። አንድ ሳምንት እረፉና ጀምሩ። እኔ በሁለተኛው ሙከራዬ እንደዚያ አድርጌ ነው የወደድኩት፤ እንዲያውም አሁን ከሦስቱ የማደላው ለሱ ነው። ቀደምት ፊቶች ብቅ ይላሉ፤ ሲዝን 2 «ሲዠር» ላይ ማኬይና ዎልሲ እንግዳ ሆነው ሲመጡ የስድስት ወር ድካማችሁ ይካሳል።

የሚተው

«ስታርጌት ኢንፊኒቲ» 26 ክፍል ያለው ካርቱን ነው። ከዋናው ታሪክ ጋር አይቆጠርም፤ ተዉት። በ2018 የወጣው «ስታርጌት ኦሪጅንስ» አሥር አጫጭር ክፍሎች አሉት። የሚያወራው ከፊልሙ በፊት ስለነበረው ዘመን ነው፤ ስለዚህ ሰው «የጊዜ ቅደም ተከተል» ብሎ በሱ ይጀምራል። በፍጹም እንዳታደርጉት። ከፈለጋችሁ ሁሉም ካለቀ በኋላ።

ነገሩ ሲበላሽ

*በአትላንቲስ ጀምሬያለሁ።* ሲዝን 1ን ጨርሱት፣ ሲዝን 2ን አትንኩ። ወደ 1994ቱ ፊልም ተመለሱ። የተበላሸባችሁ ትንሽ ነው፤ ከኤስጂ-1 ማን በሕይወት እንዳለ አውቃችኋል፣ በቃ። ወደ አትላንቲስ ስትመለሱ «ራይዚንግ»ን ብቻ ደግማችሁ እዩ።

*በዩኒቨርስ ጀምሬያለሁ።* ዛሬውኑ አቁሙ። ትንሽ ልጨምር አትበሉ።

*ሁለት ወር አቋርጬ ረሳሁት።* ከሲዝኑ መጀመሪያ አትጀምሩ። ካቆማችሁበት ወደ ኋላ ሂዱና በቅርብ ያለውን ሁለት ክፍል የሆነ ታሪክ ፈልጋችሁ ከሱ ቀጥሉ። ትልልቆቹ ነገሮች የሚሆኑት እነሱ ላይ ነው።

*ከቋጠሮዎቹ አንዱን አልፌ ተገነዘብኩ።* ያለፋችሁትን ክፍል አሁን እዩትና ቀጥሉ። ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ያያችሁትን ሁሉ መድገም የለባችሁም። አንደኛውን ቋጠሮ ካለፋችሁ ግን «ኒው ኦርደር»ን ሳታዩ አንድም ክፍል አትጨምሩ።

*ከሚስቴ ወይም ከባሌ ጋር እያየሁ ነው፣ አንዳችን ቀድመናል።* የቀደመው አትላንቲስ ሲዝን 1ን ይድገም፣ የቀረው ይድረስ። ኤስጂ-1ን ለብቻ ቀድሞ ማየት ጠብ ያመጣል፤ በራሴ ደርሷል።

*ለ354 ክፍል ጊዜ የለኝም።* እስከ «ሞቢየስ» እዩና አቁሙ። ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ የተዘረጋው ታሪክ አብዛኛው ሲዝን 8 መጨረሻ አካባቢ ይቋጫል። ፊልሙን ጨምሮ ግማሽ መንገድ ነው። ሲዝን 9 አዲስ ታሪክ ስለሚጀምር ሳትከፍቱት ብትቀሩ የሚያሳክክ ነገር አይቀርባችሁም።

*ዩኒቨርስን ጨረስኩ፣ ቀጣዩ የት ነው?* «ጎንትሌት» የመጨረሻው ነው። መርከቧ ትሄዳለች፣ ሰዎቹ ምን እንደሆኑ አይነገራችሁም። ፋይል ጎድሎ፣ ወይም እናንተ ዘልላችሁ አይደለም፤ ተከታታዩ እዚያ ላይ ተቋረጠ። ሲዝን 3 ፍለጋ ዳታችሁን አታቃጥሉ፤ አልተሠራም።